ሎተስ ለዲላ የዋለው ውለታ

ሕዝብ የሚለካው በአበባው ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ግራዝማች ሠረቀብርሃን ናቸው። እርሳቸውም የተናገሩት በሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በብብታቸው ይዘው ስለነበር እውነት መሆኑን የተጠራጠረ ሰው አልተገኘም። ከዚያ ቀን በፊት የዲላ ሕዝብ አበባ እንደሚጎድለው አያውቅም ነበር። ቡናውን ይለቅማል፤ እንሰቱን ይፍቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጠለላል፤ ሲያባራ ይወጣል። ሎተስ የሌለው ሕዝብ ሆኖ ሳለ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም። የድንቁርና ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሰውን ምን እንደጎደለው ሳያሳውቅ አጥግቦ ያስተኛዋል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣው፣ ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የተቋቋመው ከተማይቱን ለማስዋብ ሲሆን፣ በዋናው መንገድ ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች ኖራ እየቀባ፣ ዝናብ ሲያጥባቸው መልሶ እየቀባ፣ ከዝናቡ ጋር በትዕግሥት ሲከራከር ቆይቷል። የበላዩ ግራዝማች ሠረቀብርሃን ነበሩ። ጸሐፊያቸው አቶ ገሪማ ደግሞ «ዘነበ» ተብሎ የሚያልቀውን ነገር «ከላይ ወደ ታች የውሃ መውረድ ሁኔታ መኖሩ ተረጋግጧል» ብለው የሚጽፉ፣ የተከበሩ የብዕር ሰው ነበሩ። የእኔ ድርሻ የእርሳቸውን ረቂቅ በታይፕ መምታት ነበር። ጠረጴዛዬ መስኮት አጠገብ ስለነበረች ከምመታው ይልቅ የማየው ይበዛ ነበር።

ነገሩ የተጠነሰሰው በሰርግ ነው። የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ ለዘመድ ሰርግ አዲስ አበባ ሄደው ሳለ፣ የአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ሚስት ግቢ ውስጥ በተሠራች ኩሬ ላይ ሎተስ አብባ አዩ። የቤቱ እመቤት ስለ አበባዋ ብዙ ነገሯቸው። ከጭቃ ትወጣለች፣ ጭቃ ግን አይነካትም፤ በሩቅ አገር ሰዎች በየቤተ መቅደሳቸው ያኖሯታል፤ የጥንት ንግሥታት ዘይቷን ይቀቡ ነበር፤ የፊት ሽብሽብ እርሷን ሲያይ ይሸሻል። ወይዘሮ አመለወርቅ ቤተ መቅደሱን መንገድ ላይ ረሱት፤ ጭቃውን በግማሽ አስታወሱት። የሽብሽቡን ነገር ግን ምንም ሳይጎድል ዲላ አደረሱት።

«ግራዝማች» አሉ ማታ፣ መስታወት ፊት ተቀምጠው፤ «ይህ ከተማ ሎተስ ያስፈልገዋል።»

«ከተማው?»

«ከተማው» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ከዓይናቸው ጥግ ያለችውን መስመር በጣታቸው እየወጠሩ። «ለዕድሜው ገና ነው፤ ግን አቧራው አስረጀው።»

በማግሥቱ ግራዝማች ቢሮ ሲገቡ ሐሳቡ የራሳቸው ነበር። ለረጅም ዓመታት ሲያስቡበት እንደቆዩም ነገሩን። አቶ ገሪማ ወዲያው ብዕራቸውን አነሡና አንድ ጥናት አረቀቁ። ጥናቱ እንዲህ ይላል፦ «ሎተስ የተባለው የውሃ ተክል ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም እጅግ ሰፊ መሆኑ ታውቋል። ይኸውም ሥሩ ይበላል፤ ቅጠሉ ምግብ ይጠቀለልበታል፤ ከግንዱ ክር ይወጣል፤ ዱቄቱ የፊት ቆዳን ያለሰልሳል፤ አበባው ሕዝብን ያስከብራል።» ይህን የጻፉት ሎተስን ሳያዩ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ የብዕራቸው ኃይል ግልጽ ነው።

የቀረው ቦታ መምረጥ ነበር። ጥናቱ ውሃና ጭቃ ያስፈልጋል ስለሚል፣ ከለገዳራ ወንዝ ዳር፣ ከቢሮው መስኮቴ ሥር ያለችው የዘነቡ ጓሮ ተመረጠች። ዘነቡ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከባሏ የቀረላት ያቺው ጓሮ ነበረች፤ የታችኛው ወገን ረግረግ፣ የላይኛው ወገን እንሰት። እንሰት እንደ ጎመን ዛሬ ተተክሎ ነገ አይቀነጠስም። ዓመታት ይቆማል። ስለዚህ ትልቁ ለዚህ ክረምት፣ መካከለኞቹ ለከርሞ፣ ጭቅላዎቹ ደግሞ ልጇን ስትድር ለሚሆነው ነበር። የዘነቡ ጎተራ፣ ባንክና ጥሎሽ በእግራቸው ቆመው ነበር ማለት ነው። ይህ ኋላ ቀር አሠራር ለዓይን አያምርም።

አቶ ገሪማ ጥናቱንና ውሳኔውን በአጥሯ በኩል ቆመው አነበቡላት። የታችኛው ጓሮ ለኩሬ ዛሬውኑ ይቆፈራል። የላይኛው፣ እንሰቱ የቆመበት፣ ሎተሱ አበባ በሰጠ ዕለት ተመንጥሮ ለማስፋፊያ ይወሰዳል። እስከዚያው ዘነቡ ያለ ደመወዝ የሎተሱ ጠባቂ ሆና ተሹማለች።

«ይቺን ስለ ጥቅሙ የምትለዋን ድገሙልኝ እስቲ» አለች።

ደገሙላት። ዘነቡ በጣቷ እየቆጠረች ሰማች።

«ሥሩ ይበላል። ቅጠሉ ይጠቀለልበታል። ክር ይወጣዋል። ዱቄት አለው። ጌታዬ፣ ይሄማ እንሰት አይደለም ወይ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንሰት የገበሬ ነው። ይህ የንግሥታት ነው።»

«ንግሥታቱ እንሰት አጥተው ይሆናላ።»

«ይህ ቃልሽ በደፈናው ታልፏል» አሉ አቶ ገሪማ።

«እሺ። ካላበበስ?»

«መሥሪያ ቤት የተከለው ያብባል።»

ሥሩን ከአዲስ አበባ እንዲያመጣ አደራ የተሰጠው ኸድሩ ነበር። ኸድሩ የራሱን የጭነት መኪና የሚነዳ ነጋዴ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚያችው እመቤት አትክልተኛ እጅ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ሥር ተቀበለ። ነገር ግን ፍስሐ ገነት ቡና ሊጭን ቸኩሎ ስለነበር፣ «በመመለሻዬ አደርሰዋለሁ» ብሎ ዲላን አለፋት። ወናጎ ሲደርስ ዝናብ መንገዱን አጨቀየውና መኪናው እስከ ሆዱ ተቀበረ። ኸድሩ ደንበኛው ቤት አደረ፤ ዋለ፤ ደግሞ አደረ። ጆንያውን እንዳይደርቅ ብሎ ለቤቱ ሴቶች ሰጣቸው። ሴቶቹም እንግዳ ሥራ ሥር ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። ቢቆርጡት መሐሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆነባቸው። ነቀዝ የበላው መስሏቸው ለኸድሩ አዘኑለት፤ ይሉኝታ ይዟቸው ምንም ሳይሉት ቀቀሉት፤ ቅቤና ሚጥሚጣ አድርገው አቀረቡለት።

ይህ እንግዲህ የከተማ አሉባልታ ነው። እኔ አላምነውም። የሰማሁት ከራሱ ከኸድሩ ነው።

«ጣፋጭ ነበር ወላሂ» አለኝ፣ የመኪናውን ጎማ እየመታ። «ድንች ሆኖ ድንች ያልሆነ። ሁለቴ ጨምሩልኝ ብያለሁ። ኋላ ጆንያዬስ ብላቸው፣ ‘በላኸው አይደል እንዴ’ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?»

«ምን ላድርግ። የወናጎ ገበያ አጠገቤ ነው። ጎደሬ ገዝቼ ሞላሁበት።»

ከዚህ የምንረዳው፣ በአውራጃው ውስጥ ሎተስን በጥናቱ መሠረት ለባህላዊ ጥቅሙ ያዋለ ብቸኛው ቤተሰብ ያ የወናጎ ቤተሰብ መሆኑን ነው። የምስክር ወረቀት ግን አልተሰጠውም።

ጎደሬው በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተተከለ። ግራዝማች መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩትን ንግግር ያደረጉት ያን ቀን ነው። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ይህች ከተማ ከጭቃ ወጥታ ጭቃ የማይነካት ትሆናለች።» ይህን ብለው ሲወርዱ እግራቸው ተንሸራቶ እስከ ጉልበታቸው ገቡ፤ ሁለት ዘበኞች መዘዟቸው። ታዳሚው አጨበጨበ፤ ለየትኛው እንዳጨበጨበ በቃለ ጉባኤው አልተገለጸም።

ሥሩም በቀለ። ቅጠሉ እንደ ጋሻ ሰፍቶ ከውሃው በላይ ቆመ። በዲላ ከተማ ጎደሬ የማያውቅ ሰው አለ ቢባል ገና ያልተወለደ ነው። ጎደሬ በየጓሮው አለ፤ በየምሳው አለ፤ አቶ ገሪማ ራሳቸው ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር ይበሉታል። ሆኖም እዚህ ኩሬው ዳር «ሎተስ» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ስለነበር፣ ሕዝቡ ከዓይኑና ከሰሌዳው የመረጠው ሰሌዳውን ነው። አንድ ቀን ሁለት ሸማኔዎች ቆመው ሲያዩ በመስኮቴ ሰማኋቸው።

«ይሄ ነገር እናቴ ጓሮ…»

«እናትህ ሎተስ ነበራት?»

«የለም፣ የት አባቷ አምጥታ።»

«እንግዲያው አታውቀውም። ና እንሂድ።»

ሎተሱን አብዝቶ የሚያመሰግነው ኸድሩ ነበር፤ እስር ቤት መግባት አይፈልግምና። ከእርሱ ቀጥላ ዘነቡ ነበረች። ጎደሬ እንደሆነ ከመጀመሪያዋ ቅጠል ጀምሮ ታውቃለች፤ ጎደሬ እዚህ አገር አበባ አወጣ ሲባል እንዳልተሰማም ታውቃለች። ስለዚህ ኩሬውን ታርማለች፤ ቅጠሉን ታብሳለች፤ የሚያልፈውን ሁሉ «ሎተሳችን እንዴት ነው፣ አያምርም?» ትላለች። አበባ የማይሰጥ ሎተስ ለእንሰቷ ከአጥር የሚበልጥ አጥር ነበር።

ግን ሰው ያሰበው ሁሉ እንዳይሆን የሚያደርግ አንድ ኃይል አለ፤ እርሱም ወይዘሮ አመለወርቅ ናቸው። አበባውን እስኪያወጣ መጠበቅ አልቻሉም። ከሥሩ አስነቅለው፣ ጥሬውን በሙቀጫ አስወቅጠው፣ በለጋ ቅቤ አስለውሰው ፊታቸውን ተቀቡ። የዳኛውና የፖሊስ አዛዡ ሚስቶችም ተጋብዘው ተቀቡ። ጥሬ ጎደሬ ቆዳ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ የነካው ያውቃል። ያልነካው ሳማ ያስታውስ።

«ትንሽ ቆነጠጠኝ ልበል?» አሉ የዳኛው ሚስት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ።

«ሥራውን እየሠራ ነው» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«አሁንስ ነከሰኝ።»

«የንግሥታት ነገር ነው እኮ። ለሁሉም ሰው አይስማማም።»

የዳኛው ሚስት እጃቸውን ከፊታቸው አወረዱና ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስቱም እግራቸውን ከምንጣፉ ጋር እየፈተጉ ጠበቁ።

በማግሥቱ የሦስቱም ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ዋለ። እዚህ ላይ ለሎተስ የሚገባውን ምስጋና ልንነፍገው አይገባም፤ ሽብሽቡ በእውነት ጠፍቷል። ያበጠ ፊት ላይ ሽብሽብ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ወይዘሮ አመለወርቅ መስታወት አይተው በደስታ አለቀሱ፤ ዓይናቸው ስለተደፈነ ግን እንባው መውጫ ለማግኘት ጊዜ ፈጀበት። በሳምንቱ በየግብዣው ክብር የሚሰጠው በእብጠት ልክ ሆነ። የፖሊስ አዛዡ ሚስት አንድ ዓይናቸው ጨርሶ ተከድኖ የመጡ ዕለት ሁሉም ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ፊቷ ደህና የሆነ ሴት በመንገድ ስታልፍ «ምስኪን፣ አላገኘችም» ትባል ጀመር።

ሎተሱ አልበቃ አለ። አቶ ገሪማም አንድ አዲስ ውሳኔ አረቀቁ፦ «የኅብረተሰቡ የማበጥ ፍላጎት ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ በመምጣቱ» የላይኛው ጓሮ አበባ ሳይጠበቅ አሁኑኑ ይመንጠር። «ማበጥ» የሚለውን ግራዝማች በቀይ ሰርዘው «መዋብ» አሉት። መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ጠዋት ከዘነቡ አጥር ደረሱ።

ዘነቡ ወደ ቢሮ አልመጣችም። በቀጥታ ወደ ወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ሄደች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«እመቤቴ፣ ፊትዎ እንዴት አምሮበታል። ሰው አይመስሉም።»

«ኖርሽ ዘነቡ» አሉ፣ ከንፈራቸው ስላበጠ በከፊል።

«መሰናበቴ ነው። እንሰቱን ሊቆርጡት ነው። ከእንግዲህ የሎተሱ ጉልበት ያልቃል ብዬ አዝኜ ነው።»

«ምነው ያልቃል?»

«ንክሻው ከጥላው ነዋ እመቤቴ። ፀሐይ ያገኘው ይለዝባል። እንደ ድንች ይሆናል።»

ወይዘሮ አመለወርቅ ፊታቸውን ዳሰሱ። እንደ ድንች መሆን አልፈለጉም። መጥረቢያዎቹ ከቀትር በፊት ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ እንሰቱ መካከል አዲስ ሰሌዳ ቆመ፦ «የሎተስ ጥላ። መንካት በሕግ ክልክል ነው።»

ዘነቡ ጓሮዋን አዳነች። ያን ዕለት ማታ ጎረቤቶቿ እንኳን ደስ አለሽ አሏት። ክረምቱ ሲገባና ያስቀመጠችው ቆጮ ሲያልቅ፣ ትልቁን እንሰት ልትፍቅ ማረሻ የሚያህል ቢላዋዋን ይዛ ወጣች። ዘበኛው ቢላዋውን ተቀብሎ ሰሌዳውን አሳያት። አቶ ገሪማ ዘንድ መጣች።

«የራሴን እንሰት ነው የምቆርጠው።»

«እንሰት አይደለም። ጥላ ነው።»

«ልጄ ጥላ አትበላማ።»

«ጥላ የሚበላ መሆኑ በጥናታችን አልተረጋገጠም» አሉ አቶ ገሪማ።

«እሺ ጌታዬ፣ ትልቁ ሊያብብ ነው። አብቦ ፍሬ ከያዘ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ያን ሁሉ ዓመት ያሳደግኩት ከንቱ ነው የሚቀረው። እርሱ ካበበ ደግሞ ሌሎቹም በየተራቸው ይከተላሉ።»

አቶ ገሪማ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሐዘናቸውን በጽሑፍ ለመግለጽ ቃል ገቡላት። እኔ ከመስኮቴ ዘነቡን ሳያት ሄዳ ከእንሰቷ ሥር ተቀመጠች። ምግቧ ላይዋ ላይ ቆሟል። እርሷ ታየዋለች።

በዚህ መካከል ከጠቅላይ ግዛቱ ክቡር አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ሎተሱን ሊጎበኙ እንደሚመጡ ስልክ ተደወለ። ለካስ አቶ ገሪማ በየወሩ «ሎተሱ በአበባ ላይ ይገኛል» እያሉ ይጽፉ ኖሯል። ግራዝማች ወደ ኩሬው ወረዱ፤ በኩሬው ዙሪያ ሄዱ፤ ቅጠል ገልጠው አዩ። አበባ የለም።

«ገሪማ።»

«አቤት ግራዝማች።»

«ወረቀት ላይ ያለው አበባ የት ነው?»

አቶ ገሪማ ላብ በላብ ሆነው ሰማይ ሰማዩን አዩ። ያን ጊዜ ነው ያዩት። የዘነቡ ትልቁ እንሰት፣ መቆረጥ ቢከለከልም ማበብ ስላልተከለከለ፣ አናቱን ሰንጥቆ ወደ ኩሬው ዘንብሏል። ከጫፉ ቅል የሚያህል፣ ጥቁር ቀይ ሽፋን የተደራረበበት አበባ ተንጠልጥሏል። ንቦች ከብበውታል። ጥላው ውሃው ላይ አርፏል።

ከዚያ ግራዝማች ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ክቡር አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሰሜን ወደዚህ ከተዛወሩ ብዙም ያልቆዩ፣ እንሰትን ከመኪና መስኮት እያዩ «ሙዙ መቼ ነው የሚደርሰው?» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሎተስም አይተው አያውቁም፤ ይህን ማመን ግን ለማዕረጋቸው አይመችም። የከተማው ሰው ወንዙ ዳር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ያበጡት ወይዛዝርት ከፊት ቆሙ።

«እንግዲህ አበባው የታል?» አሉ እንግዳው፣ ውሃውን እያዩ።

«ክቡር ሆይ፣ ቀና ይበሉ» አሉ ግራዝማች።

ቀና አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሎተስ ውሃ ላይ ነው የምትሆነው ሲባል ሰምቼ ነበር።»

«የእኛው ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደርሷል» አሉ አቶ ገሪማ።

እንግዳው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደረጃ ይወዳሉ። ጥናቱ ተነበበላቸው። ቀጥሎም ያልተሻረው የመጀመሪያው ውሳኔ ተነበበ፦ ሎተሱ አበባ በሰጠ ዕለት የላይኛው ጓሮ ተመንጥሮ ሎተስ ይተከልበታል። አበባው ዛሬ ተመርቋልና ምንጣሮው ነገ ይጀመራል። ዘነቡ ነጠላዋን አጣፋች። እንግዳው ዘወር ብለው አዩዋት።

«ጠባቂዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ይህ የተንጠለጠለው ሎተስ ነው?»

ኸድሩ መሬት መሬቱን አየ። ግራዝማች የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ያዙ። እንሰት ነው ብትል የግራዝማች ጉዳይ እዚያው ያልቃል፤ ሎተስ ነው ብትል አብቧልና ጓሮዋ ይሄዳል። ዘነቡ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሎተስ ነው ጌታዬ» አለች። «ከጎኑ ያለውም ሎተስ ነው።»

«እነዚህ ሁሉ?»

«ሁሉም። እስከ አጥሩ ድረስ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ደግሞ የጎረቤቴ ሎተስ ነው። በወናጎ በኩል ቢሄዱ እስከ ኮንጋ ሎተስ ነው።»

ሕዝቡ ጉሮሮውን ጠረገ። ክቡር አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ወደ ግራዝማች ዞሩ።

«ታዲያ ሎተስ መንጥራችሁ ነው ሎተስ የምትተክሉት?»

ግራዝማች አቶ ገሪማን አዩ። አቶ ገሪማ ወረቀታቸውን ገለበጡ፤ ከጀርባው ምንም አልነበረም።

«ደግሞስ ይህ በደረቅ መሬት እንዲህ ከቆመ፣ ኩሬው ለምንድን ነው? ይሄ ውስጡ ያለውስ ሰፊ ቅጠል ምንድን ነው?»

«አረም ነው ክቡርነትዎ» አሉ ግራዝማች፣ ሳይዘገዩ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አረሙ ይነቀል፤ ጉድጓዱ ይደፈን። አንቺስ ለምን አትሰበስቢውም? ሥሩ ይበላል ተብሏል አይደል?»

«ይበላል ጌታዬ። ካበበ በኋላ ቶሎ ካልተፋቀ ይበላሻል። ግን…» ዘነቡ በአገጯ ወደ ሰሌዳው አመለከተች።

እንግዳው አነበቡ። «ሕዝብን እንዲጠቅም ብላችሁ ጽፋችሁ፣ እንዳይነካ ብላችሁ ትጽፋላችሁ?» አሉ። ዘበኛው ሳይታዘዝ ሰሌዳውን ነቀለ። ዘነቡ በዚያው ቀን ቢላዋዋን ተቀብላ ትልቁን ሎተስ ጣለችው፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና ፋቀችው፤ ቡላውን ጨመቀች፤ ቆጮውን በቅጠል አልብሳ ቀበረች። አቶ ገሪማም ለታሪክ እንዲቀር «ተክሉ ለባህላዊ ጥቅሙ መዋሉ ተረጋግጧል» ብለው ጻፉ። ከጻፏቸው ሁሉ እውነት የሆነች ዓረፍተ ነገር እርሷ ብቻ ናት፤ አጻጻፏ ግን ከሌሎቹ አይለይም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ግራዝማች በተጎዱ ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ አመለወርቅ ሥሩ አረም ከመባሉ በፊት ለእንግዳው ባለቤት ስጦታ ብለው አንድ ብልቃጥ የተወቀጠ ሥር በእንግዳው መኪና ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይቆማሉ። በመጨረሻ ትእዛዝ መጣ። የክቡርነታቸው ባለቤት ፊታቸው ከመጠን በላይ ስለወጠረላቸው እጅግ ተደስተዋል። ግራዝማችም ከነባለቤታቸውና ከነጸሐፊያቸው በእድገት ተዛውረው፣ ይህን ጥበብ ለታላላቅ ቤቶች እንዲያስፋፉ ተወስኗል።

መኪናቸው ሊነሣ ሲል ዘነቡ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች። ከተደፈነው ኩሬ የተነቀለውን አረም ሳትጥል አቆይታው ኖሯል።

«ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

«ሎተሱ ነው እመቤቴ። ለመትከያ። ጥላ ፈልገው ይትከሉት።»

ወይዘሮ አመለወርቅ አቅፈው ተሰናበቷት። ኩሬው በነበረበት ቦታ ጭቅላ እንሰት ተተከለ፤ እርጥበቱ ተስማምቶት በፍጥነት አደገ።

በዓመቱ አዲስ የበላይ ተሾመው ከነባለቤታቸው መጡ። የገበያ ቀን ነበርና መኪናዋ ሰው እስኪያልፍ ድረስ ከለገዳራ ዳር ቆመች። እሜቲቱ በመስኮቱ ብቅ ብለው የዘነቡን ጓሮ ተመለከቱ። በጣታቸው ከዓይናቸው ጥግ ያለችውን መስመር ነካ አደረጉ።

«ያ የሚያምረው ሰፊ ቅጠል ምንድን ነው?»

ዘነቡ አፏን እስክትከፍት እንኳ አልተጠበቀም። ሻጩም፣ ገዢውም፣ ሁለቱ ሸማኔዎችም፣ የጭነት መኪናውን ሊጠግን ከሥሯ ተኝቶ የነበረው ኸድሩም ሳይቀር በአንድ ድምፅ መለሱ፦

«እንሰት ነው እሜቴ። ያሳክካል።»

እሜቲቱ መስኮቱን ዘጉ። ሎተስ ለዲላ የዋለው ውለታም ይኸው ነው። ጎደሬን ጎደሬ ለማለት አፉ ተይዞ የነበረ ሕዝብ፣ እንሰትን እንሰት ብሎ በሹም ፊት ተናገረ። ከተናገረው ግማሹ ውሸት ነው፤ ለጀማሪ ግን መጥፎ አይደለም።